የመኪናዬ ቁልፍና የነገው ፈረስ

ሽማግሌ የተላከብኝ በሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው ላይ ሽማግሌ የሚላከው ልጁ ስትጠየቅ ወይም ከሚስቱ ሲጣላ ነው፤ እኔ ዘንድ የመጣው ግን የመኪና ቁልፍ ሊጠይቅ ነው። ያውም ብቻውን። ደንቡ ሦስት ሰው ነበር፤ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ግን ልጄን የሚፈራና እኔን የማይፈራ ሰው ከአንድ በላይ አልተገኘም።

ሽማግሌው የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው። ሐጂ እንለዋለን። የወሎ ሰው ነው፤ እንደ እኔው ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ያቆመ። ዓርብ ዓርብ መስጊድ የማደርሰው እኔ ነኝ። ማክሰኞ የጉልበቱ ሐኪም ዘንድ የማደርሰውም እኔ ነኝ። ልጄ ይህን ሁሉ እያወቀች እሱን መላኳ ብልጠት ይሁን የዋህነት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰውዬው ቁልፌን ሊያስጥለኝ ሲመጣ እንኳ ሪችመንድ ድረስ ሄጄ ከበሩ ላይ ያነሳሁት እኔው ነኝ።

«ልጅህ ልካኝ ነው» አለኝ፣ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ።

«በማን መኪና መጣህ?»

«በአንተ።»

«እንግዲያው መልእክቱ እዚያው መንገድ ላይ ፈርሷል።»

«አትቀልድ አንተ ሰው። ልጅቱ ስልክ ላይ አልቅሳለች።»

ያቺ ልጅ በቀላሉ አታለቅስም።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። ልጄ የምትኖረው ሳን ሆዜ ነው፤ ቅዳሜ ልትጠይቀኝ መጥታ ገበያ ይዣት ወጣሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖልኝ ወደ ቀኝ ሳጥፍ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ፍሬኑን ረገጥኩ። አንድ ወጣት ብስክሌቱ ላይ እንዳለ ከመኪናዬ አፍንጫ በስንዝር ርቀት ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። መዳፉን አንስቶ ኮፈኑን አንዴ መታው፤ ምንም ሳይናገር ሄደ።

«ከየት መጣ ይሄ?» አልኳት።

«እዚያው ነበር አባዬ» አለች። «ዘ ሆል ታይም፤ ከመጀመሪያው።»

ገበያ ሳንደርስ ተመለስን። እሷ ከዚያ ወዲያ «ቁልፉን ስጠኝ» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ብስክሌተኛውን፣ መንገዱን፣ ፀሐይዋን፣ ያላማሁት ነገር የለም። አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ልጁን አላየሁትም ነበር። ዘግይቼ አየሁት ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አላየሁትም።

ታዲያ ለምን አልሰጠሁም? ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ቁልፉን ሰጠሁ ማለት አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስፈልግ ልጄ ከሳን ሆዜ እስክትመጣ ደጅ መጥናት ነው። አውቶቡስ አለ ይሉኛል። መኖሩንማ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊቴ ተገትሮ ሲያናድደኝ የኖረ፣ ጥሩምባ እየነፋሁ የሰደብኩት አውቶቡስ ላይ በምን ፊቴ ልሳፈር?

እንዲህ ተፋጥጠን ሳለ ነው ፈረሱ ትዝ ያለኝ።

ስለ ፈረሱ ትንሽ ልንገራችሁ። የታክሲውን እንጀራ የስልክ ታክሲ ሲወስደው፣ በባሕር ዳርቻው ላይ የነበረው የፈረስ መሮጫ ገባሁ። አሁን ተዘግቷል። ሥራዬ ሮጦ የመጣ ፈረስ ላቡ እስኪደርቅና ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ በገመድ ይዞ ማዟዟር ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ፈረስ አናፍሳለሁ» እላለሁ፤ ብዙ ሰው እንደቀለድኩ ይቆጥረዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥሩ ሥራ አላገኘሁም። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪው ያወራል፤ ፈረስ አያወራም።

ከማናፍሳቸው መካከል አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች። የኋላ ግራ እግሯ ካልሲ እንዳጠለቀ ነጭ ነው። የጃኬቴን ቁልፎች አንድ በአንድ በጥርሷ ነቅላ ጨርሳብኛለች። በኋላ ለርቢ ተብላ ወደ ጃፓን ተሸጠች፤ ጃኬቱ እኔ ዘንድ ቀረ። ከዓመታት በኋላ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ደውሎ «ያቺ የአንተ ጉደኛ ልጇ እዚያ ይሮጣል» ብሎ በስልኬ እንዴት እንደማየው አሳየኝ።

የጃፓን የፈረስ እሽቅድምድም ሲባል በትልልቅ ከተማ፣ በሣር ላይ፣ በመቶ ሺህ ሰው ፊት እንዳይመስላችሁ። የእኛ ፈረስ የሚሮጠው በክፍለ ሀገር ነው፤ በአሸዋ ላይ። ተመልካቹ ጃንጥላ የያዙ ጥቂት እንደ እኔ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ከፈረሶቹም ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ ስለሆነ ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያስሮጡታል። እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ገና የዋዜማው ራት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የነገን ሩጫ ዛሬ እያየሁ ራቴን እበላለሁ። ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ። እንደ እናቱ የኋላ ግራ እግሩ ነጭ ነው። አንድ ጊዜ አሸንፏል፤ ስለ ቀሩት ስድስቱ አትጠይቁኝ።

«ሐሙስ ማታ ይሮጣል» አልኩት ሐጂን። «ካሸነፈ ቁልፉ የእኔ ነው፤ ልጅቱም ሁለተኛ አታነሳውም። ከተሸነፈ እሰጣታለሁ።»

ሐጂ መቁጠሪያውን ጨበጠ። «ይሄ ቁማር ነው። እኔ የለሁበትም።»

«ሳንቲም የለበትም እኮ!»

«ባይኖርበትስ? አንተ ሰባ ስድስት ዓመት ኖረህ ነገርህን የምትሰጠው ለእንስሳ ነው?»

«ለአንተ ከምሰጠውማ ይሻላል። አንተ ዓርብን ታስባለህ።»

ይህን ስለው ወደ መስኮቱ ዞረ። «እንግዲህ» አለ፣ «ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ቃል ከገባችሁ ቃላችሁን እሰማለሁ። ፈረሱን ግን አላውቀውም፤ አላየሁም።»

ለልጄ ደወልንላት። ስልኩን ክፍት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ውሉን አንድ በአንድ ነገርኳት።

«አባዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ፈረስ?»

«ሲሪየስ ነኝ።»

«ከተሸነፈ ትሰጠኛለህ? ኖ ድራማ?»

«ያለ ድራማ።»

ሐጂ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ አባትሽን እንዳናስቀይመው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣ ይበቃል እንበል።»

«ፋይን፣ ጋሼ ሐጂ። እርስዎ ካሉ እሺ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። አፌ ግን መቼ ዝም ማለት ያውቃል። «የምን ሦስተኛ ነው!» አልኩ ጠረጴዛውን መትቼ። «የዚያች ባዝራ ልጅ ሦስተኛ ይወጣል ብዬ ነው ቃል የምገባው? አንደኛ! አንደኛ ካልወጣ ቁልፉን ውሰጂው!» ሐጂ በደህናው እግሩ ቅልጥሜን በጠረጴዛው ሥር መታኝ፤ አልፎ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ልጄ ከሥራ ወጥታ በዚያ በተጨናነቀ መንገድ ፍሪሞንት የሚባለው ከተማ ላይ አንድ ሰዓት ቆማ መጣች። ምስር ወጥ ሠርታ ይዛለች። ሐጂንም መንገዷን አልፋ አምጥታዋለች። ቀኑን ሙሉ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ጥርሱን ባውራ ጣቴ እየዳሰስኩ፣ ሦስት ጊዜ ወጥቼ መኪናዋን አይቻታለሁ። አንድ ጊዜማ ጎረቤቴ «ልትሸጣት ነው?» አለኝ።

ልጄ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ዝናብ። አሸዋው ውሃ አቁሮ እንደ ጭቃ ማሳ ያብለጨልጫል። ፈረሶቹ ከመነሻው በር ኋላ ይዞራሉ፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። ወንበሬን ጎትቼ አፍንጫዬ ቴሌቪዥኑን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ተጠጋሁ።

«የእኛ ሰባት ቁጥር ነው» አለች ልጄ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና፤ ሳህን ታደርቃለች።

«ፈረስ በቁጥር አይታወቅም» አልኳት። «በጋላቢው ልብስ ነው የሚታወቀው። ቢጫ ባለ ቀይ መታጠቂያ። ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ። ልብሱ የባለፈረሱ ነው፤ ፈረሱ ካልተሸጠ አይለወጥም። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

አንዳች ልትል አፏን ከፈተች። ስልኳን አየች፣ እኔን አየች። «ኦኬ» አለች።

ቢጫውን አገኘሁት። አንገቱን ወደ ታች ቀልብሶ ልጓሙን ያላምጣል። አንዱ ፈረስ በሩ ውስጥ አልገባም ብሎ ያስቸግራል፤ አራት ሰዎች ከኋላው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገፉታል። ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሐጂ መቁጠሪያውን እያፈጠነው መጣ።

«ለማን ነው የምትለምነው?» አልኩት።

«ዝም በል። ለፈረስ አይለመንም።»

«ለዓርብስ?»

በሩ ተዘጋ። ተናጋሪው በማልሰማው ቋንቋ አንድ ነገር አለ። ከዚያ በሮቹ ተበረገዱ።

ቢጫው ደህና ወጣ። አምስተኛ ሆኖ በውስጥ በኩል ሽምጥ ይጋልባል። ከፊቱ ያሉት የሚረጩት ጭቃ የጋላቢውን ፊት ሸፈነው፤ ከደራረባቸው መነጽሮች አንዱን ወደ ታች አወረደ። እኔ ልጓም እንደያዘ ሰው ሁለት እጄን ዘርግቼ እጋልባለሁ። መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተጠጋግተው አንድ ጭቃማ ክምር ሆኑ። ቢጫው ጠፋኝ። አንድ፣ ሁለት ትንፋሽ ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ቁልፍ ጭኔን ወጋኝ። ከዚያ ከክምሩ መካከል ብቅ አለ፤ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ።

«ና! ና የእናትህ ልጅ! ና!»

ቀጥታው መንገድ ላይ መሪውን አለፈው። አንደኛ! ሊደርሱ መቶ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ግን ከውጭ በኩል፣ ከሁሉም ርቆ፣ ጭቃ ለብሶ መልኩ የማይታወቅ አንድ ፈረስ መጣ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ እየተምዘገዘገ ነው የመጣው። አንድ ክንድ፣ ከዚያ ግማሽ ክንድ ቀረው።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ!» ብዬ ጮህኩ። «ሂድ ከዚያ! ዞር በል አንተ የጭቃ ልጅ!» በአማርኛ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» አለ። ቢጫው በአንገት ርዝመት ቀድሞ ገባ።

ከዚያ ያደረግኩትን ለመጻፍ እፍረት ይይዘኛል፤ ግን ልጻፈው። ከወንበሬ ተነስቼ እስክስታ መታሁ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሳምኩት። ሐጂን ግንባሩ ላይ ሳምኩት። «ተመልከቺ!» አልኳት ልጄን። «ይሄ ነው ዘር ማለት! እናቱን ያናፈስኳት እኔ ነኝ!»

«ኮንግራጁሌሽንስ፣ አባዬ» አለች። ዞራ ማድ ቤት ገባች። ውሃ ስትከፍት ሰማሁ።

ሐጂ አልጨፈረም። እኔን ያያል፤ ቴሌቪዥኑን ያያል።

አሸናፊው በሶምሶማ ሲመለስ ካሜራው ቀረበው። እኔ ፈረስ ማሯሯጥ አላውቅም፤ ሮጦ የመጣ ፈረስ ሲራመድ ግን አውቃለሁ። የባዝራዋ አረማመድ ኋላ እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ወርወር ማድረግ ነበረው፤ ልጇም እንደዚያው ነው። ይሄ አይወረውርም። የኋላ ግራ እግሩን አየሁ። ጭቃ ነው የሸፈነው አልኩ ለራሴ። አንድ ሰው በባልዲ ውሃ እግሩን አጠበለት። ዳማ ነው፤ እስከ ሰኮናው ድረስ ዳማ። ከኋላው አንድ ሌላ ፈረስ አለፈ፤ ጋላቢው ሰማያዊ የለበሰ፣ የኋላ እግሩን ወደ ውጭ ወርወር የሚያደርግ።

ከዚያ ውጤቱ ወጣ። የጃፓን ፊደል አላውቅም፤ ቁጥር ግን የትም አገር ቁጥር ነው፤ ያውም ያን ያህል ትልቅ ሆኖ። ከላይ ዐሥር፣ ከሥሩ ሰባት።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በዚያ በክፍለ ሀገሩ ውድድር ልብሱ የባለፈረሱ ሳይሆን የጋላቢው ነው። ጋላቢው የትኛውም ፈረስ ላይ ቢወጣ ያንኑ የራሱን ቀለም ይለብሳል። ያ ቢጫ ለባሽ ሰባት ጊዜ የእኛን ሲጋልብ ቆይቶ በዚያን ዕለት ወደ ሌላ ፈረስ ተዛውሯል። እኔ ታዲያ የሌላውን ፈረስ «ና የእናትህ ልጅ» እያልኩ፣ የባዝራዬን ልጅ በስድብ አጥቤዋለሁ።

ወደ ማድ ቤቱ አየሁ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ አንድ ሳህን ታጥባለች። ያንኑ ሳህን መልሳ ታጥባለች።

ታውቃለች። ከሩቅ ሆና ቁጥሩን አንብባለች፤ እኔ አፍንጫዬን ከመስታወቱ አስደግፌ ልብስ ከማየት አላለፍኩም። ደግሞ ስለ ልብሱ ከሩጫው በፊት ስልኳ ላይ አንብባ ነበር፤ ያን «ኦኬ» ያለችው ለዚያ ነው። ይቺ ልጅ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ነገር አሳልፋልኝ አታውቅም። ካርታ ስንጫወት አሸንፋኝ ጠረጴዛው ላይ ቆማ የምትጨፍር ልጅ ናት። ዛሬ አሸነፍክ ብላኝ ዞር አለች። ብስክሌተኛው እንኳ እንዲህ አላስደነገጠኝም።

«ሰባት ቁጥር ስንተኛ ወጣ?» አልኳት።

«አሸንፈሃል እኮ፣ አባዬ።»

«ሰባት ቁጥር ነው ያልኩሽ።»

ውሃውን ዘጋች። «ሁለተኛ» አለች።

«እንግዲያው ተሸንፌአለሁ።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ኖ፣ ኖ። ያዘው። አንተ የጮህክለት አሸንፏል፤ ዳት ካውንትስ።»

«አይቆጠርም! ቃል የገባነው በባዝራዋ ልጅ ነው።»

«አባዬ፣ ያዘው አልኩህ!»

እሷ አሸንፈሃል ብላ ትከራከረኛለች፤ እኔ ተሸንፌአለሁ ብዬ እጮኻለሁ። ሽማግሌ የተላከበት ጠብ ተገልብጦ ቁጭ። ሐጂ እጁን አነሳ።

«እኔ ከመጀመሪያው ከአንድ እስከ ሦስት ብያለሁ። እሷም ፋይን ብላለች። ፈረሱ ሁለተኛ ነው። ቁልፉ የሱ ነው።»

«ሐጂ፣ አንተ የምታስበው ዓርብ የምትሄድበትን ነው።»

«ልዋሽህ? እሱንም አስቤአለሁ።»

ልጄ ፊቷን በፎጣው ሸፈነች፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁም። እኔም ሳላስበው እውነቱ ከአፌ አመለጠኝ።

«ያን ብስክሌተኛ አላየሁትም» አልኩ። «ዘግይቼ አይደለም። አንቺ እስክትጮኺ ድረስ መኖሩን አላወቅኩም።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ለሚቀጥለው ዙር ሌሎች ፈረሶች ይዞራሉ። ሐጂ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ።

«በዚህ ዓይንህ ስንት ዓርብ ነው የወሰድከኝ?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው አንተ አልነዳህም» አለ ቀስ ብሎ። «አላህ ነው የነዳው። አንተ መሪውን ስትነካካ ነበር።»

ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ፣ በጉልበቱ እያቃሰተ ቆመ። ልጄን ጠራት። «በሁለት እጅሽ ተቀበይ» አላት፤ ተቀበለች። «ያሳደገሽን የምታሳድጊ ያድርግሽ» ብሎ መረቃት። እኔን ደግሞ «አሜን በል እንጂ፣ አንተም አለህበት» አለኝ። አሜን አልኩ።

ሐጂን ቤቱ ማድረስ ነበረብን። የልጄ መኪና መንገዱ ዳር በሁለት መኪና መካከል ተጣብቃ ስለቆመች «በአንተ እንሂድ» አለች። ሐጂ ለጉልበቱ ስለሚመቸው ከፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላ፤ በገዛ መኪናዬ። ልጄ የተረፈውን ምስር በዕቃ አድርጋ ለሐጂ ቋጥራለት፣ ፌስታሉን እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

እስከ ሁለተኛው መብራት አፌን ዘጋሁ። ከዚያ «በግራው መስመር ሂጂ፣ ቀኙ ይዘጋል» አልኩ። «የቱ ሲዘጋ ነው?» አለች፤ እውነትም ክፍት ነው። ወደ ቀኝ ልታጥፍ ስትል ፍጥነቷን ቀነሰች፤ አንዲት ሴት በብስክሌት በአጠገባችን አለፈች። ልጄ አስቀድማ አይታት ቆማ ስትጠብቃት ነበር። እኔ ያየኋት መስኮቴ ጋ ስትደርስ ነው፤ በሁለት እግሬ ወለሉን ረገጥኩት።

ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ጠቅ ብሎ ተሰበረ። ሙቀቱ በጫማዬ አፍ በኩል ካልሲዬ ድረስ ገባ።

«ምንድን ነው የተሰበረው?» አለ ሐጂ፣ ሳይዞር።

«ፍሬኑ ይሠራል» አልኩት። «ምስርህ ነው የፈሰሰው።»